ጎማ የመሰለኝ

ቲነር ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል። ባለፈው ዓመት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ጅማ ሄጄ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር በእግሬ ሳዘግም፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ሁለት ወጣቶች ባጃጅ ቀለም ሲረጩ ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬን እንደመታኝ ሻርፔን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ልጆቹ ቀለሙ እንዳይነካኝ የፈራሁ መስሏቸው መርጫውን ዝቅ አድርገው አሳለፉኝ። እኔ ግን ከቀለሙ አልነበረም የሸሸሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር አሮጌ ፒክአፕ ያደስንበት ክረምት ከነሀፍረቱ መጥቶብኝ ነው።

አባቴ ሸምሱ ሾፌር ነበር። በራሱ ነጭ ፒክአፕ ከሰኮሩና ከአሰንዳቦ ዙሪያ ቡና እየጫነ ጅማ ያመጣል። ረዳቱ ጀማል የአሰንዳቦ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ባለትዳር፣ ሳቂታ። እኛ ቤት ሲመጣ በር አያንኳኳም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ሐያት!" ይልና ብርቱካን ይወረውራል። ከቀለብኩት የእኔ ነው፣ ከወደቀ ራሱ ይበላዋል። ሲወድቅብኝም ግማሹን ይሰጠኝ ነበር።

አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ ቡና ጭነው ከሰኮሩ ሲመጡ፣ ፒክአፗ ኩርባ ላይ ተገለበጠች። ጆንያው ላይ ተቀምጦ የነበረው ጀማል ሞተ። አባቴ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። "ፍሬን እምቢ አለው" ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ይል ነበር፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ እደግም ነበር።

ከዚያ አባዬ ለብዙ ወራት ጠፋ። "ሚዛን ከተማ ቡና ሊጭን ሄዷል" አለችኝ እማዬ። ፒክአፗ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንደተጨማደደች ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ አያታለሁ፤ በምን ይጭናል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሲመለስ ራሱ ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ አንገቱ ረዝሞ ነበር። የሚዛን ፀጉር አስተካካዮች ሥራ አይችሉም ብዬ ፈረድኩባቸው። እስር ቤት እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ትምህርት እንደተዘጋ ፒክአፗ በሌላ መኪና ተጎትታ ግቢያችን ገባች። እማዬ የልብስ ማስጫ ገመዷን ፈትታ አቮካዶው ዛፍ ሥር ቦታ ለቀቀች። ጣሪያው ተጨፍልቋል፣ የቀኙ በር ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የፊት መስታወት የለም። ከኋላ የጭነቱ ቦታ ላይ አፈር ተጠራቅሞ ሣር በቅሎበታል።

"አባዬ፣ ልትነዳት ነው?" አልኩት።

"ልሠራት ነው" አለ።

ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ።

ላሜራውን የቀጠቀጠልን ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ነው። ከወሎ መጥቶ ጅማ የቀረ፣ ሲሠራ ከመዶሻው ጋር የሚጣላ ሰው። "ና እንጂ አንተ! ወዴት ትሄዳለህ?" ይለዋል መዶሻውን። ሌላውን ሥራ የሠራነው እኔና አባዬ ነን። ውሃ በባልዲ እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እነክራለሁ፣ አሮጌውን ቀለም እፈገፍጋለሁ። ነጩ ዱቄት ከውሃው ጋር ወተት መስሎ በክንዴ ይወርዳል፤ ጣቶቼ ተጨማድደው የአሮጊት ጣት ይመስላሉ። ዝናብ ሲመጣ ሁለታችንም ሮጠን ሸራ እናለብሳታለን፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እስኪያባራ እንጠብቃለን። አባዬ ያን ክረምት ከሰው ጋር ብዙም አያወራም፤ ከእኔ ጋር ግን ስለ ስቱኮና ስለ ዝገት ያወራ ነበር። "ዝገት ከላይ ብትሸፍኚው ከታች ይበላል፤ ፈግፍገሽ ማውጣት ነው" ይለኛል። ባለሙያ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከወንበሩ ሥር ስጠርግ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማ አገኘሁ። ጥቁር ፕላስቲክ፣ ተረከዙ በሽቦ የተሰፋ።

"የጀማል ነው! ሌላኛው የት ሄደ?" ብዬ አሳየሁት።

አባዬ ከእጄ ተቀበለኝና ወደ ቧንቧው ሄደ። ጫማውን በሳሙና አጠበው። አገላብጦ አጠበው፣ በጣቱ ውስጡን አሸ፣ እንደገና አጠበው። ቧንቧው እየፈሰሰ እማዬ ከቤት ወጥታ ዘጋችለት። ጫማውን ከእጁ ወስዳ ገባች፤ የት እንዳደረገችው አላውቅም። እኔ ያሰብኩት አንድ እግር ጫማ ለምን ይታጠባል ብዬ ብቻ ነው።

አርብ አርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ይመጡ ጀመር። ትልቁ ሐጂ ኑሪ የሚባሉ ናቸው፤ ነጭ ፂም ያላቸው፣ ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ ፒክአፗን ዞረው የሚያዩ። ከዚያ ሳሎን ገብተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ። እኔ በመጋረጃው በኩል ጆሮዬን አቆማለሁ። ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቃል ነበር፤ ጎማ ብዬ ሰማሁት።

"ጎማው ቡና ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት" ይላሉ ሐጂ ኑሪ። "ያለ ጎማው እርቅ የለም።"

የመኪናችን አራቱም ጎማዎች ተንፍሰው መሬት ላይ ተለጥፈው ስለነበር ነገሩ ፍጹም ልክ ሆኖ ታየኝ። ሽማግሌዎቹ ጎማ ሊገዙልን ነው። እርቅ የሚሉትም ከጎማ ሻጩ ጋር ይሆናል። ሐጂ ኑሪን በር ላይ ጠብቄ "ጎማው አዲስ ነው አሮጌ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው "አላህ ያሳድግሽ" ብለውኝ ሄዱ። ስለዚህ አዲስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ነሐሴ አልቆ ፀሐይ ብቅ ስትል አባዬ ኮምፕሬሰር ተዋሰ። "ምን ቀለም ይሁን?" አለኝ።

"ሰማያዊ። ሰፈራችን ሰማያዊ መኪና ያለው የለም።"

ትንሽ አሰበና "ሰማያዊ ጥሩ ነው። ልጅ ደስ ይለዋል" አለ።

ልጅ ያለው እኔን መሰለኝ። ቀለሙን ከቲነር ጋር ሲያዋህድ በእንጨት ያማሰልኩት እኔ ነኝ። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ምሳዬን ስበላ እንኳ ምላሴ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ተረጭታ ስትደርቅ ፊቴ በበሩ ላይ ታየኝ። እማዬ ከኩሽና በር ሆና ዓይኗን ጣል አደረገችባትና "ከዚህ ግቢ ስትወጣ እፎይ እላለሁ" አለች። ቀናችብን ብዬ አሰብኩ።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። መምህራችን በክረምት ምን እንደሠራን በየተራ ተነስተን እንድንናገር አዘዘን። አንዱ አያቱ ጋ ሄዷል፣ አንዷ ቁርአን ስትማር ከርማለች። እኔ ተነሳሁና "እኔና አባቴ መኪና ሠራን" አልኩ። "ሰማያዊ ናት። ሽማግሌዎች አዲስ ጎማ ያመጡልናል። ከዚያ በኋላ በእግሬ አልመጣም።"

ክፍሉ ሁሉ በአድናቆት ዞሮ አየኝ። ከዚያ ከኋላ ፎዚያ የምትባል ልጅ "ያቺ ሰው የሞተባት አይደለችም?" አለች።

"ናት፤ ግን ቀለም ቀብተናታል" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መምህሩ ቀስ ብሎ "ተቀመጪ ሐያት" አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ጆሮዬ ጋለ። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አብረውኝ የሚሄዱት ልጆች በሌላ መንገድ ሄዱ።

ጥቅምት ገብቶ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ እሁድ ጠዋት እማዬ የዒድ ቀሚሴን አለበሰችኝ። አዳዲስ ጎማዎች ተገጥመው ነበር፤ አባዬ ራሱ ነበር የገጠማቸው። ወደ አሰንዳቦ እንደምንሄድ ብቻ ነገሩኝ። እማዬ "ልጅቷ ትቅር" ብላ ነበር። አባዬ ግን "ሽማግሌዎቹ ናቸው ትምጣ ያሉት፤ ልጆቹ ይተያዩ" አላት። እማዬ ቤት ቀረች፤ የነዳው ጋሽ መኮንን ነው። አባዬ ከአደጋው ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም፤ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ነበር። እኔ መሃል ሆኜ መንገድ ዳር ለሚሄድ ሰው ሁሉ እጄን አወዛወዝኩ። የመጀመሪያ ሽርሽራችን መስሎኝ ነበር።

አሰንዳቦ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ደረስን። ሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ቀድመውን ደርሰው በክብ ተቀምጠዋል። አባዬ ወርዶ ጫማውን አወለቀ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጭንቅላቱን በጋቢ ሸፈነ። አባቴ በሰው ፊት መሬት ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ደንግጬ መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ።

ሐጂ ኑሪ እየተናገሩ ሳለ አንዲት የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ቀጥ ብላ መጣችና መዳፏን በሩ ላይ፣ ፊቴን ያየሁበት ቦታ ላይ፣ አደረገች።

"አትንኪ!" ብዬ ጮህኩ። "የእኛ መኪና ናት!"

ንግግሩ ተቋረጠ። የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። አባዬ ተነሳ፤ በባዶ እግሩ መጥቶ በሩን ከፈተና አቅፎ አወረደኝ። አልተቆጣኝም። የልጅቷን እጅ ያዘና መልሶ በሩ ላይ አደረገው።

"ያንቺ ናት፣ ነኢማ" አላት። "የአባትሽ ጉማ ናት።"

ቃሉን ያኔ ነው በቅርብ የሰማሁት። ጎማ አልነበረም። ሰው በእጁ የጠፋበት ሰው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ካሣ ነው፤ ጉማው ተሰጥቶ፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ሲበሉ ደሙ ይደርቃል። ነኢማ የጀማል ልጅ ነበረች። ያን ክረምት ሙሉ ስፈገፍግና ሳማስል የነበረው ለእሷ ነው። የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። የዒድ ቀሚሴን ማውለቅ ሁሉ አማረኝ።

ቁልፉን የተቀበለው የጀማል ታናሽ ወንድም አህመድ ነው። ፊቱ አልተፈታም፤ ግን ተቀበለ። ሐጂ ኑሪ "አልሀምዱሊላህ። በሉ እንግዲህ ታጥበን አብረን እንብላ" ሲሉ፣ ከቤቱ ደጃፍ አንዲት ሴትዮ ከበርጩማቸው ተነሱ። የጀማል እናት ናቸው፤ ሁሉም በኦሮምኛ እናት እንደማለት አዴ ሶፊያ ይላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ድምፃቸው አልተሰማም ነበር።

"ሸምሱ" አሉ።

"አቤት እናቴ።"

"ልጄ የወደቀበትን ቦታ እስከ ዛሬ አላየሁም። ከመብላታችን በፊት ውሰደኝ።"

ጋሽ መኮንን ፈጠን ብሎ "እኔ ላድርስዎት እማማ" አለ።

"አንተን አላልኩም" አሉት።

አህመድ ቁልፉን ሳይወድ አወጣ። አባዬ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ እኔ እጁን አልለቅም ብዬ መሃል ገባሁ፤ አዴ ሶፊያ ከጎኔ ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ። ወደ ሰኮሩ የሚወስደውን መንገድ ተከትለን ጥቂት እንደሄድን አንድ ኩርባ ላይ ዳር ይዞ አቆመ።

ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ሣሩ በቅሏል። ከታች አንድ ባሕር ዛፍ ልጡ ተልጦ ቆሟል።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው፣ እናቴ።"

አዴ ሶፊያ ወርደው ጠርዙ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ፊታቸውን አበሱ። ከዚያ ሳይዞሩ "ምን ይል ነበር?" ብለው ጠየቁ። "መጨረሻ ላይ ልጄ ምን ይል ነበር?"

አንድ የጭነት መኪና እየጮኸ አልፎን ንፋሱ የሴትዮዋን ሻሽ አነሳው።

"ያንጎራጉር ነበር" አለ አባዬ። "ጆንያው ላይ ሆኖ። ድምፁ በመስኮት ይመጣል። እኔ ከማታ ጀምሬ አላረፍኩም። 'ና አባ፣ ትንሽ እንተኛና እንሂድ' ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ድምፁን እየሰማሁ ነበር፣ ከዚያ አልሰማሁትም።" አፉን በእጁ ጠረገ። "እናቴ፣ ፍሬኑ ደህና ነበር። እኔ ነኝ የተኛሁት።"

ድምፁ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ድምፅ ነበር። አባቴ ይዋሻል ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚያ ባልነበርኩ ብዬ ተመኘሁ፤ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሳሁም።

አዴ ሶፊያ አልጮሁም፣ አልረገሙም። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመለሱ፤ ግን ወደ ጋቢናው አልገቡም፤ ወደ ኋላ ዞሩ።

"የት ነበር የሚቀመጠው?"

አባዬ በጣቱ አሳየ። ከጋቢናው ጀርባ፣ በቀኝ ጥግ። ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የጭነቱን ቦታ ጠርዝ፣ ስፖንዳውን፣ ያዙ፤ አባዬ ሊደግፋቸው ሲል እጁን በክርናቸው ገፉትና "ኮቱ፣ አንቺ ነይ" ብለው እኔን ጠሩኝ። ተደግፈውኝ ወጡ። ልጃቸው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ላሜራው ላይ፣ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው። አባዬ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብሎ ነዳ። በኋላ መስታወቱ አንገቱን ብቻ ነበር የማየው፤ አንድ ጊዜም አልዞረም። አዴ ሶፊያ እስክንደርስ የእጄን አንጓ አጥብቀው ይዘው ነበር፤ ያመኝ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም።

ግቢው ስንገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀን። አዴ ሶፊያ ለመውረድ ሲሉ አባዬ ከታች መጥቶ ቆመ፤ እጁን ለመዘርጋት ፈርቷል። ትከሻውን ያዙ፣ ያን የተሰበረውን፣ ክብደታቸውን ጥለውበት ወረዱ። "ውሃ አምጡለት፤ እጁን ይታጠብ" አሉ ለሴቶቹ። ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀረቡ። አባዬ ጎረሰ። ኩርባው ላይ ስለተባለው ነገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

በሚኒባስ ስንመለስ አባዬ "ሰምተሻል" አለኝ።

"ሰምቻለሁ።"

እጄን ሊይዝ ሲል ሻርፔን ማስተካከል ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፤ "ፍሬን እምቢ አለው" ያልኳቸውን ሰዎች ሁሉ በየመንገዱ እያየሁ እሸማቀቅ ነበር። ምሳ ስሰጠው ሰሃኑን አስቀምጬ እሮጣለሁ። እሱም አይጠራኝም።

ከዚያ አንድ አርብ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጠራቸው። አቮካዶው ሥር፣ መኪናዋ ቆማ ከነበረችበት ቦታ ላይ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሰማያዊዋ ፒክአፕ ከአሰንዳቦ አህመድንና አዴ ሶፊያን ይዛ መጣች። እማዬ ውሃ እንዳዞር ላከችኝ፤ ስለዚህ ሁሉን ሰማሁ።

አባዬ ተቀምጦ አልተናገረም፤ ተነስቶ ነው። "ያን ቀን ፍሬን ነው ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ተኝቼ ነበር። እርቁ በውሸት ላይ እንዲቆም አልፈልግም። አሁን የፈለጋችሁትን ፍረዱ።"

አህመድ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ታዲያ ፍሬን ነው ብለህ በቁርአን ፊት አልማልክም? እኔ ወላሂ ጉማውን አልቀበልም! መኪናዋ እዚሁ ትቅር!" ቁልፉን ምንጣፉ ላይ ወረወረው። ሐጂ ኑሪ ግንባራቸውን ያዙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ሸምሱ፣ ያለቀ ነገር ለምን ትቆፍራለህ?" አለ። ሌላው "ሥርዓቱ እንደገና መጀመር አለበት" አለ። እማዬ ከበረንዳው ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷም ያኔ ነው የሰማችው።

"ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ዝም በሉ" አሉ አዴ ሶፊያ።

"ለእኔ ቦታው ላይ ነግሮኛል። ያን ቀን አውቄ ነው ከእሱ ጋር የበላሁት። እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት።" ወደ አህመድ ዞሩ። "ቁልፉን አንሳ። የወንድምህ ልጅ መኪናዋ በምታስገባው ትማራለች።"

አህመድ ደረቱ እየተነፋ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ። ለማንም ሳይሰናበት ወጣና መኪናዋ ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቹ ፋቲሃውን፣ የመዝጊያ ዱዓውን፣ አድርሰው ሲነሱ ሞተሩን አስነሳ፣ አጠፋው፣ ደግሞ አስነሳው። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ሸምሱ" አለ፣ ሌላ ቦታ እያየ። "ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል። እስኪ እየው።"

አባዬ ሄደ። ኮፈኑን ከፈተና ጎንበስ አለ። አህመድ ወርዶ አጠገቡ ቆመ። እኔ ውሃውን እንደያዝኩ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። የላላ ብሎን ነበር፤ በአንድ ዙር የሚጠብቅ፤ ሲያጠብቀው አይቻለሁ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። አባዬ ግን ኮፈኑ ሥር ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ትከሻው እየተነሳ እየወደቀ። አህመድም ቆሞ ጠበቀው እንጂ ውጣ አላለውም።